ጀርባዋን የሚያውቁ ሰዎች

እማዋይሽ ዘውዴ የአባቷን ሞት የሰማችው ከድንች ነጋዴ ነው።

መርዶ በወጉ ማለዳ ነው የሚነገረው። ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ። የእማዋይሽ መርዶ ግን ደብረ ብርሃን ገበያ መሃል፣ በቀትር፣ ድንች ስትመርጥ ደረሳት። ሻጭዋ ቀና ብላ ስታያት ቆየችና የአንኮበሯ ጎረቤላ ሰው መሆኗን ጠየቀቻት። ነኝ አለች። የጋሽ ዘውዴ ልጅ መሆኗን ጠየቀቻት። ነኝ አለች።

«ነፍሳቸውን ይማር። ቀብሩ ላይ ግን አላየሁሽም» አለች ሻጭዋ።

እማዋይሽ የመረጠችውን ድንች አንድ በአንድ ክምሩ ላይ መለሰች። መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ስትነግራት ነው ነጋዴዋ የሠራችውን ሥራ የተረዳችው። ደንግጣ ተነሣች፣ ድንቹን በነፃ ውሰጂው አለች፣ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ተመልሳ ተቀመጠች። እማዋይሽ አመስግናት ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደምትኖርበት ግቢ ሄደች።

ያ ግቢ በረት ይባላል። የከብት አይደለም፤ የሰው ነው። ከከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን የበረት ልጆች ይላሉ። ከአጥሩ ውጪ ያለውን ዓለም በሙሉ፣ አዲስ አበባንም ደብረ ሲናንም ሳይለዩ፣ ሜዳ ይሉታል። የቤተ ክርስቲያንም፣ የመስጊድም፣ የጸሎት ቤትም ሰዎች አልነበሩም፤ ከሁሉም የመጡ፣ ሁሉንም የተዉ ነበሩ። መሪያቸው ወልደተንሣኤ የሚባል፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ ሰው ነው። የጠራውን ድምፅ የሰማው አንድ ቀን ሬዲዮ ሲጠግን እንደነበር ራሱ ይናገራል። ሬዲዮው በርቶ እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።

እማዋይሽ በረት የገባችው በተስቦ በታመመችበት ዓመት ነው። ባሏ ጅቡቲ ሄዶ ቀርቷል። እሷ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ብርድ ልብስ በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የብርድ ልብስ ጠርዝ ትሰፋ ነበር። ስትታመም አከራይዋ በሽታው እንዳይጋባባት በሩቅ ሰላም ትላት ጀመር። ሁለት የበረት ሴቶች ግን አጥሚት ይዘው መጡ። ልብሷን አጠቡ፣ ላቧን ጠረጉ፣ ፀጉሯን ጎነጎኑ። ይህ የውሸት ደግነት አልነበረም። እማዋይሽ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ በረት ክፉ ስታወራ እንኳ አጥሚቱን ለብቻው ታወጣዋለች።

ስትድን ተከትላቸው ገባች። ከገባች በኋላ ሕጎቹ እንደ ካፊያ መጡ፤ ካፊያ የመታው ሰው መበስበሱን የሚያውቀው ከበሰበሰ በኋላ ነው። ከሜዳ ሰው ጋር አይበላም። ዕድር አይገባም። ለቅሶ አይደረስም። ጫማ ለመግዛት ፈቃድ ይጠየቃል። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ሰው አሳዳጊ የሚባል ታላቅ ወንድም ፊት ቀርቦ በሳምንቱ ውስጥ ያሰበውን ይናገራል፤ ምንም ያላሰበ ሰው ለምን እንዳላሰበ ያስረዳል። ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወልደተንሣኤ ዘንድ ነው።

ከበረት የወጣ ሰው የጠፋ ይባላል። የጠፋ ሰው መንገድ ላይ ከተገኘ ጀርባ ይሰጠዋል። ይህ አነጋገር ብቻ አልነበረም። ሰውየው እስኪያልፍ ድረስ ፊትን ወደ አጥር አዙሮ መቆም ነው። አጥር ከሌለ ዛፍም ይሆናል።

እንግዲህ ከገበያ ስትመለስ እማዋይሽ ወልደተንሣኤን አገኘችው። የአባቷን መሞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አልዋሸም። ወንድሟ መደወሉን፣ መልእክቱንም መቀበሉን፣ ነገር ግን ልቧ እንዳይናወጥ ብሎ ደህና ጊዜ ሲጠብቅ መቆየቱን በለሰለሰ ድምፅ አስረዳት። እሷም ጎረቤላ ሄዳ ማልቀስ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«በረት ለሜዳ ሙት አያለቅስም» አላት።

«እሺ» አለች።

አሥራ አንድ ዓመት እሺ ስትል ስለኖረች የተለመደው እሺ መሰለው። እሷም መስሏት ነበር። ክፍሏ ገብታ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጣች። በር ላይ የነበረው ወንድም ማን እንደፈቀደላት ጠየቃት። ጎረቤላ እንደምትሄድ መለሰችለት። ጥያቄውና መልሱ አልገጠሙም፤ እሱ ሊያገጥማቸው ሲያስብ እሷ መንገዱን ተሻገረች።

ጎረቤላ ያለው ወንድሟ ታደለ ይባላል። ታናሿ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ከግቢው በር ላይ ሲያያት አልጮኸባትም፣ አላባረራትምም። ገብቶ በርጩማ ይዞ መጣና ከአጥሩ ውጪ አስቀመጠላት። ለራሱም ሌላ አምጥቶ ከአጥሩ ውስጥ ተቀመጠ። መሃላቸው አባታቸው የካበው የድንጋይ ካብ ነበር። ከቆላው ጉም እየወጣ ስለነበር አንዳንዴ ይተያያሉ፣ አንዳንዴ ድምፅ ለድምፅ ብቻ ይሰማማሉ።

ታደለ የሆነውን ሁሉ በየተራው ነገራት። አባታቸው የታመሙት ባቄላ በሚወቃበት ሰሞን ነው። ብዙም አልቆዩም። በየእንቁጣጣሹ በረት እያስደወሉ እማዋይሽን ስጡኝ ይሉ ነበር፤ በየእንቁጣጣሹም ጸሎት ላይ ናት ይባላሉ። እንዲህ ያለ ረጅም ጸሎት በአንኮበር ታሪክ ሰምቼ አላውቅም እያሉ ይስቁ እንደነበር፣ ሲስቁ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ እንደነበር ታደለ ነገራት። እሷ የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበራትም። አሥራ አንድ ዓመት ያልተጠቀሙበት ነገር ሲፈልጉት አይገኝም።

«ለአርባው ሰው ይሰበሰባል» አለ ታደለ በመጨረሻ። «ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ከመጣሽ ግን ብቻሽን እንዳትመጪ። አባባ ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀው ‹ደብረ ብርሃን ሰው አላት› እያለ ነው የሞተው። ውሸታም እንዳታደርጊው።»

ከዚያ ተነሣ። እሷም በርጩማውን በካቡ ላይ አሻግራ ሰጠችው፤ ተቀበላትና ገባ።

ደብረ ብርሃን ስትመለስ ዕቃዋ በጆንያ ታስሮ ከበረት በር ውጪ ጠበቃት። በደንብ የታሰረ ነበር። የሻይ ኩባያዋ እንዳይሰበር በሹራቧ ጠቅልለውታል። በበሩ ቀዳዳ ሁለት ሴቶች አይተዋት ጀርባቸውን አዞሩ። አንደኛዋ አጥሚት ያመጣችላት ናት።

ጆንያውን ተሸክማ እስከ መናኸሪያው ሄደችና ከአንድ ቁርስ ቤት ታዛ ሥር ተቀመጠች። ሌላ የምታውቀው የተጠለለ ቦታ አልነበረም። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የቁርስ ቤቱ ባለቤት ወንበሮቿን ልታስገባ ስትወጣ አየቻት። መነጽሯን አስተካከለች፣ ጆንያውን አየች፣ እንደገና እሷን አየች።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ብዙነሽ ትባላለች። ከስድስት ዓመት በፊት ከበረት የጠፋች ናት። ዓይኗ ደክሞ መነጽር ልታደርግ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ መነጽር የእምነት ማነስ ነው ተብሎ ተከልክላ፣ ሩዝ ስትለቅም ድንጋዩንም አብራ እየቀቀለች ሰውን ሁሉ ጥርስ ስታሳጣ ቆይታ፣ አንድ ቀን መነጽር ልትገዛ ወጥታ በዚያው ቀረች። እማዋይሽ ይህን ታውቃለች። በረት ሆናም ብርድ ልብስ መስፋቷን ስላላቆመች ወደ ሥራዋ ስትሄድ በዚህ ቁርስ ቤት በኩል ነው የምታልፈው፤ ባለፈች ቁጥርም ወደ ማዶው የሱቅ ግድግዳ ዞራ ቆማለች። ስለዚህ ገብታ ሻይ ሲቀርብላት አንገቷን ደፍታ፣ እትዬ ብዙነሽ ያወቁኝ አልመሰለኝም አለች።

«እንዴት አላውቅሽ» አለች ብዙነሽ ዳቦ እየቆረሰችላት። «ጀርባሽን በደንብ አውቀዋለሁ።»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ሰፈርሽን አውቀዋለሁ እንደሚባለው ነው ያለችው። ከዚያ ፉል አሙቃ ሰጠቻትና ከጓዳ የዱቄት ጆንያዎቹን ገፋ አድርጋ ፍራሽ ዘረጋችላት። እማዋይሽ በስንት ሰዓት መነሣት እንዳለባት ጠየቀች።

«ስትነቂ» አለቻት ብዙነሽ።

ይህ መልስ እማዋይሽን ከብርዱ ይልቅ አስፈራት። ስትነቂ የሚባል ሰዓት ተነግሯት አያውቅም።

ጠርዝ መስፋቷን አልተወችም፤ ድርጅቱ የሜዳ ነበርና የበረት ነገር አይመለከተውም። ከሥራ በፊትና በኋላ ብዙነሽን ታግዛለች። በሳምንቱ ማብቂያ ግን ሰውነቷ ይጨነቅ ጀመር። ያሰበችውን ለሆነ ሰው ካልተናገረች የሚደርስባት ነገር ያለ መሰላት። አንድ ቀን አላስችላት ብሎ ብዙነሽ ፊት ቀርባ፣ እጇን አጣምራ፣ በሳምንቱ ያሰበችውን ሁሉ ከሰኞ ጀምራ ተናገረች። በታደለ መቆጣቷን፣ በአባቷ መቆጣቷን፣ በማታውቀው ሰው ጫማ መቅናቷን። ብዙነሽ ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ጨረስሽ?» አለች።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ሽንኩርት ክተፊ።»

በሚቀጥለው ሳምንት የምትናገረው አጠረ። ከዚያ በኋላ ሳትናገር ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁርስ ቤቱ ይዘጋል። ይዘጋል ማለት በሩ ገርበብ ይላል። ያን ጊዜ የጠፉት አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። እማዋይሽ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ሁሉንም አጥር ላይ ዞራ አሳልፋቸዋለች። አንጋፋው ብርሃነ መስቀል ነው፤ የደብረ ሲና መስመር ሚኒባስ ሹፌር። በረት ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ ሁሉ የጥፋት ምልክት ነው ብሎ ስላስቸገረው ነው የወጣው። አንድ ጊዜ ሰብሳቢያችን ሁን ቢሉት ሁለት ወር ሳይመጣ ቀረ። ማኅደረማርያም የሚባለው ወጣት ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራል። እስከ ዛሬ አሳዳጊ የሚያየው እየመሰለው ግራ ቀኙን ሳያይ ሻይ አያነሣም፤ ሌሎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሻይ ሲቀርብለት ሁሉም ሌላ ሌላ ያያሉ። እንድሪስ ሱፍ ነጋዴ ነው፤ መዋሸት የማይችልና በዚህም ብዙ ገበያ የሚያመልጠው።

ሰርካለም ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀለች ናት። ልጆቿን ይዛ በከተማው የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ትኖራለች። ባሏ እዚያው ቀርቷል። አልቀበረችውም፤ የት እንደወደቀም አታውቅም። መጠለያ እንደገባች ሰሞን የበረት ሰዎች ብርድ ልብስ ይዘው መጥተው ነበር። ተከትላቸው በረት ከገባች በኋላ ለሜዳ ሙት አይለቀስም አሏት። ልጆቿን ከሌሎች ልጆች ጋር አትጫወቱ ሲሏቸው ወጣች። ማልቀሱ ግን ከተከለከለ በኋላ ሳይመለስ ቀረ። ይህን የምትናገረው የቧንቧ ውኃ መቋረጡን እንደምትናገር ነው።

እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ነገር አይገጥሙም። ብርሃነ መስቀል ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሷል፣ እንድሪስ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ነው፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ወደ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፣ ብዙነሽ የትም አትሄድም፤ እሑድ እሑድ ትተኛለች። ምግብ ሲቀርብ ጮክ ብሎ የሚጸልይ የለም። ሁሉም በየራሱ ዝም ይላል፤ የአንዱ ዝምታ ከሌላው ስለሚረዝም ምግቡ ይቀዘቅዛል። ማንም ሰው ከተወሰነ በላይ ረጅም ንግግር ካደረገ ሌላው ተነሥቶ ምድጃውን ያያል። አንድ ጊዜ ማኅደረማርያም ከመሃላችን «አለበት» የሚለው ቃል መጥፋት አለበት ብሎ ተናገረ፤ የተናገረውን ሲሰማው ራሱም ሳቀ።

እማዋይሽን አንድም ቀን ምንም አላስተማሯትም። ማኅደረማርያም ስልክ ሊያስገዛት አብሯት ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ጫማ ስትመርጥ ግማሽ ቀን ሙሉ አጠገቧ ቆመች፤ እማዋይሽ የትኛው እንደሚሻል ስትጠይቃት የትኛው እንደሚመቻት መልሳ እየጠየቀች። ብርሃነ መስቀል መንገድ ላይ ባያት ቁጥር ጥሩንባ ይነፋላታል። መጀመሪያ አካባቢ ትደነግጥ ነበር። ሰላምታ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ቀን ወሰደባት።

አርባው ሲቃረብ ታደለ ያላትን ለቅዳሜዎቹ ሰዎች ነገረቻቸው። ምንም አልጠየቀቻቸውም፤ ወሬ አድርጋ ነው የነገረቻቸው።

«ስንት ሲሆኑ ነው ሰው የሚባለው?» አለ ብርሃነ መስቀል።

የሚያውቅ አልተገኘም። ማኅደረማርያም ሟቹን አንዳችንም አናውቃቸውምና ሄደን ምን ብለን እናለቅሳለን አለ። እንድሪስም እኔ የማላውቀውን ሰው አውቃለሁ ብዬ ማልቀስ አልችልም አለ። ያን ጊዜ ብዙነሽ መነጽሯን አውልቃ በመቀነቷ መጥረግ ጀመረች።

«እኔ አባቴ ሲሞት በረት ነበርኩ» አለች። «ያላለቀስኩት አለኝ። እሱን ይዤ እሄዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ክርክር አልነበረም። ሁሉም ያላለቀሱት ነበራቸው። እንድሪስ እናቱን፣ ልብስ ሰፊዋ እህቷን፣ ብርሃነ መስቀል ከልጅነት ጓደኞቹ ሦስቱን። በረት ውስጥ ሞት ይሰማል እንጂ አይለቀስም ነበር።

አንድ ችግር ቀረ። ለቅሶ ከደረሱ ዓመታት ስላለፋቸው እንዴት እንደሚገባ ረስተዋል። ማን ይቀድማል፣ የት ይቆማል፣ ምን ይባላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሮቹን ገፋ አድርገው ሊሞክሩት ቆሙ። ብርሃነ መስቀል ጀመር እንዳደረገ ገርበብ ባለው በር አንድ መንገደኛ ራሱን አስገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ተቀመጠና ማን እንደሞተ ጠየቀ። ሰውየውን ላለማሳፈር የጋሽ ዘውዴን ስም ነገሩት። ጥቂት ተክዞ ተቀመጠ፤ ብዙነሽ ሻይ ሰጠችው፤ ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው ብሎ ሄደ። ልምምዱ በዚያው አበቃ።

በዚያ ሰሞን በጸጥታ ችግር መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የአርባው ዕለት ክፍት ሆኖ ተገኘ። በብርሃነ መስቀል ሚኒባስ ተሳፍረው በማለዳ ተነሡ። ኬላው ላይ ወታደሩ የት እንደሚሄዱ ጠየቀ። ለቅሶ አሉ። ለሟቹ ምናቸው እንደሆኑ ጠየቀ። ከእማዋይሽ በቀር ማንም አልመለሰም። ወታደሩ ጥያቄውን ሲደግመው እንድሪስ፣ ምናቸውም አይደለንም አለ። ወታደሩ ነጠላ አዘቅዝቀው የተቀመጡትን ሴቶች በየተራ አየ፣ እንድሪስን አየ፣ ከዚያ እለፉ አለ።

ከታደለ ቤት ሲደርሱ ግቢው ዳስ ተጥሎበት በሰው ተሞልቷል። የጠፉት ከሚኒባሱ ወርደው ወደ ግቢው ገቡና እንደ ወፍጮ ቤት ተራ ጠባቂ ተሰልፈው ቆሙ። የሚጀምር ጠፋ። ሰዉ ያያቸዋል፤ እነሱም ሰዉን ያያሉ። እማዋይሽ ከፊት ቆማ ዓይኗ እንደ ደረቀ ነው። ታደለ ከዳሱ ሥር ተነሥቶ ቆመ፤ ወደ እነሱ ግን አልመጣም።

ያን ጊዜ ሰርካለም «ጋሽ ዘውዴ» አለች።

ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችው። ቀጥላ ደገመችው። በሦስተኛው የባሏን ስም ጠራች። የት ወደቅህ አለችው። ማን አለበሰህ፣ ማን ውኃ ሰጠህ አለችው። ድምፅዋ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ዝቅ አላለም። ከጎኗ የነበረችው ብዙነሽ አባቷን ጠራች። ልብስ ሰፊዋ እህቷን ጠራች። ብርሃነ መስቀል ራሱን ይዞ የጓደኞቹን ስም እያከታተለ እንደ ልጅ ጮኸ። እንድሪስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እናቱን ጠራ። ጎረቤላ የማያውቃቸው ሙታን ስም በታደለ ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ ተጠራ።

የጎረቤላ ሰው ለቅሶ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አላየም። መጀመሪያ ሴቶቹ ተነሡ፤ ሰርካለምን ግራና ቀኝ ያዟት። ከዚያ ወንዶቹ ተነሡ። ጥቂት ቆይቶ ግቢው ሁሉ እያለቀሰ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅስ የጠየቀ የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ዓይናቸውን እየጠረጉ ለጎረቤታቸው፣ ዘውዴ ይህን ሁሉ ሰው የት ያውቅ ኖሯል አሉ።

ታደለ መጥቶ እህቱ ፊት ቆመ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሰዎቼ ናቸው» አለች እማዋይሽ።

አያቸው። ደጋግሞ አያቸው።

«አባባ እውነቱን ነበር እንዴ» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ።

ከዚያ ወደ ዳሱ አስገባቸው። እጃቸውን ራሱ አስታጠበ። ለእንድሪስ ከሙስሊም ጎረቤቱ ቤት ለብቻው ምግብ አስመጣለት። የታደለ ሚስት ሰርካለምን አጠገቧ አስቀምጣ እስኪሄዱ ድረስ እጇን አልለቀቀችም። ከሰዎቹ አንዱ ብርሃነ መስቀልን ከሟች ጋር በምን ተዋወቃችሁ ቢለው፣ በልጃቸው በኩል ነው አለ። ሌላ አልተጠየቀም።

እማዋይሽ ግን እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። ሌሎቹን ስትደግፍ፣ ውኃ ስታቀብል፣ ለሰርካለም ነጠላዋን ስታስተካክል ዋለች። ሊሳፈሩ ሲሉ ታደለ ወደ ካቡ አጠገብ ጠራት። ስልክ እንዳላት ጠየቃት። አለኝ አለች። ቁጥሯን እየነገረችው በስልኩ ላይ ጻፈ። ከዚያ የድሮውን፣ የበረትን ቁጥር እያየችው አጠፋውና አዲሱን ደወለ። በመሃላቸው ያለው አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም። ስልኳ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት አየችው፤ እሱ ፊቱን ወደ ካቡ አዙሮ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ነው። አነሣችው።

«አቤት» አለች።

«ታደለ ነኝ» አለ። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይሠራል» አለና ዘጋው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ካቡን ይዛ አለቀሰች። ሚኒባሱ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃት፤ ማንም ወርዶ በቃ አላላትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። እማዋይሽ ከብዙነሽ ጓዳ ወጥታ በዚያው ሰፈር ክፍል ተከራይታለች። ታደለ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ቁርስ ቤቱ ጎራ ይልና ፉሉ ጨው እንደበዛበት ይናገራል፤ እየተናገረ ይጨርሰዋል። የእሱ ሚስት ለጥምቀት ሰርካለምን ከነልጆቿ ታስጠራለች። በረት አሁንም አለ፤ ወልደተንሣኤም አለ። ብዙ ሰው ወጥቶበታል ይባላል። እማዋይሽ ወደ ሥራ ስትሄድ አጥሚት ያመጣችላትን ሴት አንዳንዴ ታገኛታለች። ሴትዮዋ ጀርባዋን ትሰጣታለች። እማዋይሽ እንደምን አደርሽ ትላታለች፤ ለጀርባዋ። መልስ አልጠበቀችም፣ አላገኘችምም፤ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ግን የሴትዮዋ ራስ በትንሹ የተነቀነቀ መስሏታል። ለብዙነሽ ስትነግራት ብዙነሽ ነፋስ ይሆናል አለች፤ ይህንንም ካለች በኋላ የሰው ቁጥር ይጨምር ይሆናል ብላ ሁለት ወንበር ገዛች።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች ዕድር ሆነዋል። ስም የለውም፤ ስም ሊያወጡለት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ሁለት ጊዜ ሳይስማሙ ተበትነዋል። ሰብሳቢም የለውም። የሆነ ነገር መወሰን ሲያስፈልግ ዘግይቶ የደረሰ ሰው እንዲወስን ስለተስማሙ አሁን ሁሉም በጊዜ ይመጣል።

ባለፈው የካቲት አንድ የማያውቁት ሰው ቁርስ ቤቱ ድረስ መጣ። ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ካለች ቀበሌ ነው። አክስቱ እንደሞተች፣ ከእሱ በቀር ልጅም ዘመድም እንደሌላት፣ ቀብሯ በነጋታው እንደሆነ ነገራቸው። ጎረቤላ የሚኖር ሰው፣ ደብረ ብርሃን ጥሩ አድርገው የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ ብሎት ነው የመጣው። ምን እንደሚያስከፍሉ ሊጠይቅ ሲጀምር ብዙነሽ ሻይ አስቀመጠችለት። ብርሃነ መስቀል የሟቿን ስም ጠየቀ። ማማዬ ነው የምንላት አለ ሰውየው፤ ሌላ ስሟን አላውቀውም።

እንድሪስ ይህቺን ሴት አናውቃትም አለ። እውነቱን ነው፤ አያውቋትም። በማግስቱ ማለዳ ግን ከሁሉም ቀድሞ ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነበር። ሄደው ማማዬን ቀበሯት። ከዝናቡ በፊትም ተመለሱ።